ቆቡ ያልጮኸ ዕለት

የአንጎል ሞገድ ንባብ የሚሠለጥን ሐኪም ሽቦ የተሰካበትን ቆብ ሁለት ዓመት ሙሉ አያወልቅም። ሐሳቡ ከትምህርቱ ከሸሸ ቆቡ ይጮኻል፤ ደጋግሞ ከጮኸ ዓመቱ ይደገማል። ማቋረጥ የለም፣ ፈርመናል። ይኸው እኔ ለሁለት ዓመት ገብቼ አራተኛዬን ይዣለሁ።

ልጄ ናርዶስ ለምዳዋለች። «እማዬ፣ ሳይጮህብሽ ቶሎ ልንገርሽ» ብላ ትጀምራለች፤ ሲጮህ ዝም ትላለች።

ዛሬ ምሳ ላይ ግን አጠገቤ ተቀምጣ ስታወራ፣ ስታወራ ቆየች። የጠዋቱ በሽተኛዬ የአንጎል ሞገድ ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። ቆቡ ጭጭ አለ።

«እማዬ፣ አልጮኸም! እስከ መጨረሻው ሰማሽኝ!» ብላ ሳቀች።

ስትስቅ የፊት ጥርሷ የለም።

«ውይ፣ ጥርስሽ የት ሄደ?» አልኳት።

ሳቋ ጠፋ። «አሁን ነገርኩሽ እኮ፤ አባዬ ጣሪያ ላይ ወረወረልኝ።»

ያኔ ቆቡ ጮኸ።