የኢሶቤል ቤት በሐራጅ

ፈርገስ የጡረታ ቁጠባውን ጸጉሩ ሳይሸብት ማውጣት የቻለው ሕጉ አንዲት ቀዳዳ ስለተወለት ነው። ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ቤቱን ለመግዛት ከሆነ ገንዘቡን መንካት ይችላል። አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ እርጅና ባዶ እጁን ይጠብቀዋል።

ለዚህ ግድ አልነበረውም። በኢንቨርካርጊል ከተማ የበግ ቄራ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰረስርበት ክፍል ዕድሜውን ሲፈጅ ያጠራቀመው ያንኑ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያለችው እናቱ ናት።

ቤቱ እናቱ ኢሶቤል ከሠላሳ ዓመት በላይ በኪራይ የኖረችበት አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። አከራይዋ ሲሞቱ ልጆቻቸው ለሐራጅ አወጡት። ከጎኑ ያለው ሞቴል ባለቤት ዳግላስ ሞንክ ደግሞ ገዝቶ፣ አፍርሶ፣ የመኪና ማቆሚያ እንደሚያደርገው ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል።

የኢሶቤል ዓይን ከደከመ ቆይቷል። በዚያ ቤት ግን ምድጃውንም ደረጃውንም እጇ ስለሚያውቀው ሻይዋን አፍልታ፣ ጓሮዋን አርማ ትውላለች። ከዚያ ያወጧት ቀን ዕውር ትሆናለች። ፈርገስን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው።

እህቱ ሮና ከኦክላንድ ስትደውል ነገሩን አነሳላት።

«ምን ይደረግ እንግዲህ?» አለችው። «የአረጋውያን መኖሪያ ፈልግላት።»

«አንቺ ምን አለብሽ! ተገላገልሽ።»

«አንተስ የምትገዛበት ገንዘብ አለህ?»

«ከየት አባቴ አመጣለሁ?» አለና ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

እውነቱን ሊነግራት አልፈለገም። ሮና ወሬ አፏ ውስጥ አያድርም። እናታቸው ከሰማች ተስፋ ታደርጋለች፤ ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ደግሞ ከመግደል አይሻልም። ቢሆንም የእህቱ ልብ እንዲህ መደንደኑ አንገበገበው። የአንድ እናት ጡት ጠብተው!

ባንኩ፣ ብድሩ ከቁጠባው ጋር ተደምሮ፣ እስከ አራት መቶ ሺህ ዶላር ፈቀደለት።

«ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም የለም» አለችው የብድር ሠራተኛዋ። «ሐራጅ መሆኑን አይርሱ። መዶሻው ከወረደ መመለስ የለም። ቀሪውን በተቀጠረው ቀን ካልከፈሉ ቀብድዎን ይወርሱታል። ቤቱም ይሄዳል፣ ጡረታዎም ይሄዳል።»

«ገብቶኛል» አላት።

የሐራጁ ዕለት እናቱን ወደ ሥራ እየሄድኩ ነው ብሎ ወጣ። የደላሎቹ ቢሮ አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። ሞንክ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አይብ የተጠቀለለበት ትኩስ ዳቦ ይገምጣል። አንዲት ደላላ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከግድግዳው ሥር ቆማለች፤ አንድ ሰው በስልክ ይጫረታል ማለት ነው።

ዋጋው ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ሲደርስ ሌሎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ፈርገስና ስልኩ ብቻ ቀሩ። ሞንክ አንዴም እጁን አላነሳም። ያኝካል፣ ፈርገስን እያየ ፈገግ ይላል።

«ይሄ ቀበሮ!» አለ ፈርገስ በልቡ። «ሰው ቀጥሮ ነው ለካ።»

ስልኩ አንድ ሺህ አንድ ሺህ ብቻ ይጨምራል። በየመሐሉም ደላላዋ አፏን በእጇ ከልላ ታንሾካሹካለች፤ «ይረጋጉ፣ ይተንፍሱ፣ ጊዜ አለን» ስትል ሰማት። ፈርገስ ደሙ ፈላ። ባለጸጋ ሲያላግጥ እንዲህ ነው፤ በሺህ በሺህ እየቆነጠረ ደሃ ያቃጥላል።

«አራት መቶ!» አለ ፈርገስ። ከዚህ ወዲያ ገደል ነው።

ደላላዋ ረዥም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ አንድ ጣቷን አነሳች። አራት መቶ አንድ።

ማቆም ነበረበት። ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ግን የእናቱ እጅ የማታውቀውን ግድግዳ ሲዳስስ ታየው።

«አራት መቶ ሠላሳ!» ሲል ጮኸ።

ደላላዋ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ ጠበቀች፤ ከዚያ በቃ ለማለት ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። መዶሻው ወረደ።

ፈርገስ ፈረመ። የሕይወቱ ቁጠባ በቀብድ ሄደ። የጎደለውን ሠላሳ ሺህ ማን እንደሚያበድረው አያውቅም፤ ካላገኘ እናትና ልጅ ቤትም ጥሪትም የላቸውም። ሞንክ ሲወጣ ትከሻውን መታ አደረገው።

«እንኳን ደስ ያለህ ጎረቤት። ብቻ እኔ የተውኩትን በእሳት ዋጋ ገዛህ!»

ፈርገስ በሕይወቱ ሰው ሊመታ እንደዚያን ቀን ቃጥቶት አያውቅም።

ቤት ሲደርስ ኢሶቤል ድንች ትልጣለች። ስለ ጎደለው ገንዘብ አልነገራትም፤ ቤቱ የእኛ ነው ብቻ አላት። ቢላዋውን አስቀምጣ ፊቱን በሁለት እጇ ዳበሰችው፣ አለቀሰችም።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ቁጥር ስለማይታያት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ድምፁን ወደ ውጭ ለቀቀችው፤ ፈርገስም ይሰማል። የደወለችው ሮና ነበረች።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ፤ ጡረታዬን አውጥቼ፣ ያለኝን ሁሉ ሰብስቤ፣ ቤትሽን ልገዛልሽ በስልክ ስጫረት ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ የነበረ አንድ አረመኔ ግን ነጠቀኝ።»