የፊኛው ጢም

ቀዩ ፊኛ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተቀምጧል። ጉንጭና አገጭ ይሆናል ያልኩትን ቦታ በመላጫ አረፋ ቀብቼዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩ በቀኝ እጃቸው ምላጭ ይዘው ትኩር ብለው ያዩታል፤ በስትሮክ የሰነፈው ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተኛ ነው።

«ደንበኛዎ መጥቷል ጋሼ» ትላለች አለቃዬ፣ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዋ።

«መላጣ ሆኖ ይኼን ሁሉ ጢም ከየት አመጣው?»

እኔ ተማሪ ነኝ። ዛሬ ከምሳ በፊት የምሠለጥንበትን ሙያ መምረጥ አለብኝ፦ እዚህ ልቅር ወይስ ከግድግዳው ማዶ ወዳለው ፊዚዮቴራፒ ልሂድ። ልቤ ማዶ ነው። እዚያ ሰው ከዊልቸር ተነስቶ ሲራመድ ክፍሉ በጭብጨባ ይናጋል፤ እኚህንም ሰው በእግራቸው እዚህ ያደረሷቸው እነሱ ናቸው። እዚህ ግን ሥራው የዕለት ተዕለት ነገርን እንደገና ማስለመድ ነው፤ ሸሚዝ መቆለፍ፣ ማንኪያ መያዝ። እናቴ «ቁልፍ ማስቆለፍ ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?» ብላኛለች።

ጠዋት ግራ አውራ ጣታቸውን እንዲያነሱ ጠይቄያቸው ነበር። ላብ በላብ እስኪሆኑ ታገሉ፤ ጣቱ ንቅንቅ አላለም። «ይኼ የኔ እጅ አይደለም ልጄ» አሉኝ። ፀጉር ቤታቸውን ሊዘጉ እንዳሰቡ የነገሩኝም ያኔ ነው።

አሁን ምላጩን ያስጠጋሉ። ፊኛው ይንሸራተታል። ሳላስበው ልደግፍላቸው እጄን ስሰድ አለቃዬ ክንዴን ያዝ ታደርገዋለች።

«እጅሽ ላይ ተቀመጪ» ትለኛለች ቀስ ብላ። እዚህ ክፍል ሕመምተኛ የጀመረውን ሥራ መንጠቅ ነውር ነው። እጆቼን ጭኔ ሥር ከትቼ እቀመጣለሁ።

ፊኛው እንደገና ሊያመልጥ ይላል። ማንም ምንም አላዘዘም። ግራ እጃቸው ከጭናቸው ይነሳል፤ እየተንቀጠቀጠ ይመጣና አውራ ጣቱ ተዘርግቶ የፊኛውን ጉንጭ ወጠር ያደርጋል፤ ልክ ምላጭ ከማሳረፋቸው በፊት የሰው ቆዳ እንደሚወጥሩት። ጠዋት ለምኜው እምቢ ያለኝ ጣት! እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

«ቀና በል እንጂ!» ይሉታል ፊኛውን። ምላጩ ሸርተት ይላል፤ ከአረፋው ሥር ንጹሕ ቀይ ይወጣል። ያኔ ነው እጃቸውን የሚያዩት።

«ውይ» ይላሉ። «መጣ።»

ምላጩ ይስታቸዋል፤ ፊኛው ጧ ብሎ ይፈነዳል። ሦስታችንም አረፋ በአረፋ እንሆናለን። ይስቃሉ፤ ያለቅሳሉም መሰለኝ።

«ቀጣዩን አስገቢልኝ!» ይሉኛል ዓይናቸውን እየጠረጉ።

አዲስ ፊኛ አፌ ላይ አድርጌ መንፋት እጀምራለሁ። የፊዚዮቴራፒው አስተማሪ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን ያስገባል።

«እሺ፣ ወሰንሽ? ትመጫለሽ?»

አፌ ተይዟል፤ ራሴን ግራና ቀኝ እወዘውዛለሁ። ፊኛው እያበጠ ይሄዳል፤ የፀጉር አስተካካዩ አውራ ጣት ከወዲሁ ቀና ብሎ ይጠብቀዋል።