አንድ ደወል

ኢንጂነሯ የሥራ ደህንነት፣ ጥራትና የአካባቢ ጥበቃ በአንድ ክፍል ይጠቃለሉ ብላ ስትጨቀጭቅ ከረመች። "አንዱ ደወል ሩጡ ይላል፣ አንዱ ቁሙ ይላል፤ ሠራተኛው የቱን ይስማ?" የቆዳ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሲሰለቸው፣ "እሺ፣ ደስ ይበልሽ" አለና ደወሎቹንም አንድ አደረጋቸው።

ቆዳ በተበላሸ ቁጥርም ያው የአደጋ ደወል ይጮህ ጀመር። የማጠቢያ ክፍል ሠራተኞች መጀመሪያ ሰሞን በሰሙት ቁጥር እየሮጡ ይወጡ ነበር፤ ኋላ ግን እዚያው አረፍ ማለትን ለመዱ። እሷ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና በደጃፉ ስታልፍ ፎርማኑ ጋሽ ዋቅጅራ፣ "ምነው ኢንጂነር፣ ዛሬም ሸተትንሽ?" ይልና እየሳቀ በሩን ይዘጋላታል።

ሐሙስ ጠዋት ከማጠቢያው ሥር ካለው የፍሳሽ ጉድጓድ መርዛም ጋዝ መውጣት መጀመሩን መለኪያው አሳያት። የደወሉን ቁልፍ ተጫነችና ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ግቢውን አቋርጣ ሮጠች። በተከፈተው በር አየቻቸው፤ ሁሉም ቆዳ ክምር ላይ ተቀምጠው ያወራሉ።

"ውጡ! ጋዝ ነው!"

ደወሉ ድምፅዋን ዋጠው። ጋሽ ዋቅጅራ ቀና ሲል ሻርፗን አየና ከት ብሎ ሳቀ። ከተቀመጠበት ተነሥቶም በሩን ዘጋላት።