የስድስት ደቂቃ መልእክት

የላክሁት ፍሪጅ አይሠራም። ብልሽት የለበትም፤ የሚሰካበት ግድግዳ ነው የሌለው።

የአዋሽ አርባው ደንበኛችን ኡበይዳ ዛሬ ጠዋት በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከ፤ ሌላ ምንም አልጻፈም። የፍሪጁ ገመድ አሸዋ ላይ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ የፍየል እግር ይታያል። ፍሪጁ ለእናቱ ኢንሱሊን ነው። የወር መድኃኒቷን ተቀብላለች፤ በዚህ ሙቀት ከተበላሸ ሌላ የምታገኘው ወሩ ሲያልቅ ነው።

«ጠይቄዋለሁ እኮ!» እላለሁ። ሰመራ ላይ ተከራይተን መጋዘንም ቢሮም ያደረግናት ክፍል ውስጥ በካርቶኖች መሃል እመላለሳለሁ። «የመብራት ይሁን የሶላር? ብዬ ጽፌለታለሁ። መልሱ አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል!»

ሸሪኬ ኡሙሀኒ የወሎ ልጅ ናት፤ ያደገችው ግን ሎጊያ፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ ነው። ስልኬን ከእጄ ትወስዳለች።

«መልሶልሻል። ይኸው ስድስት ደቂቃ ድምፅ።»

«ስድስት ደቂቃ ማን ይሰማል?»

«ስንቱን ሰማሽ?»

«አርባ ሴኮንድ። የሚያወራው ስለ ዝናብ ነው። አዋሽ አርባ ከተማ ነው፣ መብራት አለው ብዬ ላክሁ።»

«ወላሂ ራኬብ፣ ዲግሪሽንም በአርባ ሴኮንድ ነው የያዝሽው?»

መልእክቱን ትከፍተዋለች። የኡበይዳ ድምፅ ሳይቸኩል ይመጣል። ዝናብ ዘንቧል። ሣር በቅሏል። የአጎቱ ልጅ ከገዋኔ ሲመጣ የተገለበጠ መኪና አይቷል፤ ሰው አልሞተም።

«አሳልፊው።»

«እጅሽን ሰብስቢ።»

አራተኛው ደቂቃ ላይ ፍየሎቹ ሣሩን ተከትለው ወጥተዋል። እናቱም ፍየሎቹን ተከትላ ከከተማ ወጥታለች። አምስተኛው ላይ፣ «እዚያ ያለው ፀሐይ ብቻ ነው። እንግዲህ የሚሆነውን አንቺ ላኪ» ይላል።

ካርቶን ላይ እቀመጣለሁ። መቀመጥ አልችልም፤ እነሳለሁ። የሶላሩ ፍሪጅ አንድ ቀርቷል። እደውላለሁ።

ሲያነሳው የነፋስ ድምፅ ይቀድማል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ሳይወጣ አልቀረም።

«ኡበይዳ፣ ራኬብ ነኝ ከሰመራ። ስለ ፍሪጁ...»

«ሰላም ነሽ? ጤና ነሽ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

«ደህና፣ ደህና። ፍሪጁ...»

«አገሩ ሰላም ነው? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ኡሙሀኒ ጆሮዬ ሥር ታንሾካሹካለች። «ዳጉ ነው፤ የአፋር ወሬ መለዋወጥ። ወሬውን ሳትሰጪው ጉዳይ ብትጀምሪ ንቀት ነው።»

ምን አይቻለሁ? እዚህ አገር ሁለት ዓመት ኖሬ ያየሁት ስልኬን ነው።

«ያየሁት» እላለሁ፣ «የላክኸውን ፎቶ ነው። የሰማሁት መልእክትህን ነው፤ ገና አሁን። ያን ቀን መስማት ጀምሬ ዘጋሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

 የተናደደ ደንበኛ ዕቃ በምንሸጥበት የቴሌግራም ቻናላችን ላይ በሦስት ሺህ ሰው ፊት ምን እንደሚጽፍ አውቃለሁ። አሁን ግን የሚታየኝ ያ አይደለም፤ አሸዋው ላይ የተዘረጋው ገመድ ነው።

«እሺ» ይላል። «መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ጥላ ውስጥ አድርገነዋል። እስከ ነገ ይቆያል ይሉኛል። ከዚያ በኋላ አላውቅም።»

«ዛሬ ይደርሳል።»

«በማን እጅ?»

ኡሙሀኒ እንደገና ታንሾካሹካለች። «ሹፌሩ ሰላሀዲን ሎጊያ ቁርስ እየበላ ነው፣ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስጪውና ያድርስልሽ።»

ሰላሀዲን አስፋልቱ ዳር አውርዶት ይሄዳል። ከአስፋልቱ ወዲያ ማን ያደርሰዋል? ፓነሉን ማን ይገጥመዋል?

«በእኔ እጅ» እላለሁ። «ከሰላሀዲን ጋር እመጣለሁ። አስፋልቱ ላይ ጠብቀኝ።»

አውራ ጣቴ ስልኩን ሊዘጋ ቀዩ ምልክት ላይ ደርሷል።

«የመንገዱን ወሬ አልነገርሽኝም» ይላል ኡበይዳ።

ጣቴን አነሳለሁ። ኡሙሀኒ የሚታጠፈውን ፓነል ትከሻዬ ላይ ታንጠለጥልልኛለች። ስልኩን በጆሮዬና በሌላው ትከሻዬ መሃል አጣብቄ ፍሪጁን አቅፋለሁ።

«አቧራ አለ» እላለሁ እየወጣሁ። «ከጅቡቲ የሚመጡት መኪኖች በቀን መብራት አብርተው ነው የሚያልፉት። ማዶ ሁለት ግመሎች ይታዩኛል፣ አንዷ ታነክሳለች...»

«የትኛውን እግሯን?» ይላል።

ዞር ብዬ አያለሁ። «የኋላ ግራውን» እላለሁ፤ በሩን በተረከዜ እዘጋዋለሁ።