ርኅራኄ የሌላት ዶሮ

የሆንግ ኮንግን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ የሚማር ሰው ሌላው ሁሉ ቢቀርበት ይህችን ዶሮ ይወቃት። በአዲስ ዓመት መክፈቻ ራት ላይ አለቃህ ዶሮ አንስቶ ሳህንህ ውስጥ ካስቀመጠልህ ተባረሃል ማለት ነው። ዛሬ ዛሬ እንኳ ቢሮ ተጠርተህ ይነገርሃል። ታም ፑይላም ግን ለመናገር ወኔው ስላልነበረው የአያቶቹን ዘዴ መረጠ።

ታም የዚፕና የልብስ ቁልፍ ነጋዴ ነው። ገበያው ቀዝቅዟል፤ ከሦስት ሠራተኞቹ አንዱ መቀነስ አለበት፤ አለዚያ ሱቁ መዘጋቱ ነው። የሚቀነሰው ኬንግ ነው። ኬንግ ስንት ዓመት ሙሉ “ድስት ሲሸከምለት” ኖሯል፤ ታም ያበላሸውን ሁሉ “ጥፋቱ የኔ ነው” እያለ።

‘አየ አለቃ!’ አለ ታም ለራሱ። ‘ሰው ለማባረር ተሸሽጎ ዶሮ የሚልክ ጀግና።’

ምግብ ቤቱ እንደደረሰ አስተናጋጁን ወደ ጥግ ጠራው።

“አንድ ሙሉ ዶሮ ጨምርልን።”

“ቀድመው የመጡት አዝዘዋል እኮ ጌታዬ።”

ታም ቀለል አለው። በዓል ያለ ዶሮ የት አለ?

ሦስቱም ቀድመው ተቀምጠዋል። ሒሳብ ሠራተኛዋ እት ፉንግ ከመቀመጫዋ ተነሳችለት።

“አለቃ፣ ኮቱ እንዴት አምሮብዎታል!”

“ጫማ መጥረጉን ጀመርሽው!” አለና ታም ሳቀ። በሰፈሩ አነጋገር ለአለቃው የሚያሽቃብጥ ሁሉ ጫማ ጠራጊ ነው። ሻጩ ሹን ደግሞ ሻይ ቀዳለት። እንዲህ ተንከባክበውት አያውቁም። ፈርተዋል ማለት ነው፤ አንጀቱን በሉት።

“ኬንግ፣ ልጅህ እንዴት ናት?”

“ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፣ አለቃ።”

“ዘንድሮ ወጪ አለብሃ!”

“ዘንድሮ ሥራ ይበዛልኛል ብያለሁ” አለ ኬንግ ቀና ሳይል።

ምስኪን፣ አለ ታም በሆዱ።

ዶሮዋ መጣች። ታም በቾፕስቲኩ የዶሮዋን ጭን ያዘ፤ አመለጠው፤ እንደገና ያዘው። ወደ ኬንግ ዘረጋው። አልቻለም። ጭኑን ትሪው ላይ መለሰው። መኪናዬን እሸጣለሁ እንጂ ይህን ሰው አላባርርም ብሎ ቆረጠ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ራሱን ወደደው።

“ብሉ እንጂ!” አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ኬንግ ያንኑ ጭን አነሳና የታም ሳህን ውስጥ አስቀመጠለት፤ እት ፉንግ ክንፉን፣ ሹን ደረቱን አስከተሉ።