የጎደለው ስልሳ ዘጠኝ

«ካርቶኑ ላይ ሺህ ጊጋ ይላል፤ ኮምፒውተሬ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ይላል። ስልሳ ዘጠኙን የት አደረግሽው?»

ፎቶ አንሺው የገዛውን ዲስክ የባንኮኒው መስታወት ላይ ወረወረው። ድምፁን ከፍ ያደረገው ወረፋ የያዙት እንዲሰሙለት ነው።

ባለሱቋ ኬብል እየጠቀለለች ነበር።

«አልጎደለም፣ ጋሼ። ፋብሪካው በሺህ እያባዛ ይቆጥራል፤ ኮምፒውተርዎ በሺህ ሃያ አራት። መስፈሪያው ሰፋ እንጂ እህሉ አላነሰም። ከማንም ቢገዙ ያው ነው።»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!» አለ ወደ ወረፋው ዞሮ። «ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ፊት ሳነሳ የኖርኩ ሰው፣ ሌባ በዓይኑ አውቃለሁ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ እመቤቴ!»

በሆዷ የእንጨት ሽበት ብላው ይሆናል። ግን ገንዘቡን መልሳ ዲስኳን ወሰደች።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ሻጭ ጨዋ ነበር። ወንበር ሳበለት፤ «አባቴ» አለው። እንደ ላባ የቀለለች ዲስክ ሰክቶ አሳየው፤ ድፍን ሺህ። አንዲት ጊጋ አልጎደለችም።

«እንዲህ ነው እንጂ ሐቀኛ ሰው!» አለ ፎቶ አንሺው።

ቤቱ ያለው አሮጌ ዲስክ ማቃሰት ከጀመረ ከርሟል። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ፎቶ እዚያ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ የሟች ሚስቱም ሳቅ። ጠዋት መገልበጥ ጀመረ፤ ለምሳ አለቀ። የፋይሎቹ ስሞች አንድ ሳይቀር አዲሱ ላይ ተደረደሩ። እሱም እንደ ልማዱ አሮጌውን ደጃፉ ድንጋይ ላይ አጋድሞ በመዶሻ አደቀቀው። የሰው ገመና እጁ ላይ ነውና ያገለገለ ዲስክ ሳይሰብር አይጥልም። ይህን አገር ያውቅለታል።

ከዚያ እግሩ ሌላ ወዴት ይወስደዋል?

«እስቲ ሰክተሽ እዪው!» አለ፣ አዲሱን ዲስክ በባለሱቋ አፍንጫ ሥር ደቅኖ። «ድፍን ሺህ! ከማንም ቢገዙ ያው ነው አላልሽም?»

ወረፋው ሳቀባት። አንዱማ አጨበጨበ።

ሰካችው። ቁጥሩን አየች። ከተደረደሩት ስሞች አንዱን ነካች፤ አልተከፈተም። ሌላ ነካች። ወደ ታች ወርዳ ሌላ፤ አንዱም አልተከፈተም።

ከዚያ ወረፋው እንዳይሰማ ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ የውሸት ነው፤ ዲስኩ ስም እንጂ ፎቶ አልያዘም። አሮጌውን ገና አልሰበሩትም፣ አይደል?»