ቲቸር አስካለች የሰጡት ሒሳብ

በዚያ ዘመን እውቀት በመሣሪያ ከአንዱ ሰው ጭንቅላት ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር፤ ሰጪው ጋ ግን ምንም አይቀርም። መምህርት አስካለች ዓመት ሙሉ ታማ ከትምህርት ለቀረችው ተማሪያቸው ለናርዶስ የሒሳብ እውቀታቸውን በሙሉ ሰጧት።

ናርዶስ መሐንዲስ ሆነች። የመጀመሪያ ድልድይዋ በተመረቀ ማግስት ልትጠይቃቸው ስትሄድ፣ ድፎውን ለአራት ሰው ማካፈል አቅቷቸው ቢላዋ እንደያዙ ቆመው አገኘቻቸው። እንባዋ መጣ።

“ቲቸር፣ ሒሳቡን ልመልስልዎት።”

“የሚቀጥለውን ድልድይ ማን ሊሠራልን? ይልቅ እንደ ድሮ ሰው ያለ መሣሪያ ቁጭ በይና አስተምሪኝ” አሉ እየሳቁ።

“እሺ፤ መጀመሪያ መሃሉን ይቁረጡ። አሁን ደግሞ እያንዳንዱን ግማሽ ለሁለት።”

መምህርቷ ቆርጠው ሲጨርሱ ቁራሾቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩና እንደ ሕፃን አጨበጨቡ።

“ገባኝ!”